የጎረቤቴ ደጃፍ ፀሐይ

መጋቢት 7 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ማክሰኞ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ፣ አሰላ ከተማ በሚገኝ አንድ የከብት ሕክምና ክፍል ውስጥ የድመቴ ሁለት ጆሮዎች ተቆረጡ። እኔ ከጠረጴዛው ግርጌ ቆሜ ነበር። የፊት እግሮቿን ይዛ፣ ዐይኖቿን በመዳፏ ጋርዳ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከራስጌዋ ያልተለየችው ግን ጎረቤቴ ናት።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። ሐኪሙ መርፌውን አዘጋጅቶ "ባለቤቷ ማን ናት? ትያዝልኝ" ሲል፣ እኔ ካፖርቴን አውልቄ የማስቀምጥበት ንጹሕ ቦታ እፈልግ ነበር። በክፍሉ ውስጥ ንጹሕ ቦታ አልነበረም፤ ወለሉ የላም እበት፣ መስኮቱ የዝንብ መናኸሪያ ነበር። ካፖርቴን ክንዴ ላይ አጥፌ ስዞር፣ ጎረቤቴ ሻሿን ወደ ኋላ አጥብቃ አስራ፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ሰብስባ፣ "ቢስሚላሂ" ብላ ይዛታለች። ሐኪሙም ቀና ብሎ ሳያየኝ ሥራውን ጀመረ። "ባለቤቷ እኔ ነኝ" የማለቱ ጊዜ አለፈ። ቢላዋ ከወጣ በኋላ እንዲህ ያለውን ነገር ማንሣት ደግሞ ነውር መሰለኝ። ስለዚህ የጎረቤቴን ጣቶች አየሁ። በድመቴ ነጭ ጸጉር ውስጥ ጠልቀው ነበር፤ መንገዱን የሚያውቁ ጣቶች ነበሩ።

ሐኪሙ ከሶሻሊስት አገር ተምሮ የተመለሰ፣ ቀልድ የሚወድ ወጣት ነበር። ከዚያ ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ድመቷን በቅርጫት ይዤ ስገባ መጀመሪያ ያየው ቅርጫቱን ሳይሆን እኔን ነው።

"ጓዲት፣ ላሟ የት አለች?"

"ላም የለኝም። ድመት ናት።"

"እኔ የበሬና የላም ሐኪም ነኝ። ቢላዬም የበሬ ነው፣ ማደንዘዣዬም የበሬ ነው። ይህችን እንደ ጥጃ ቆጥሬ ብወጋት አትነሣም።"

"ክብደቷን በትክክል መዝኜ ላመጣልዎት እችላለሁ" አልኩት። የምሠራው በእርሻ መሥሪያ ቤት በዘር ምርመራ ክፍል ስለነበረ፣ የስንዴና የገብስ ናሙና የምንመዝንበት የታመነ ሚዛን ነበረን። በማግስቱ ሌሎች ለምሳ ሲወጡ ድመቴን በናሙና ከረጢት ውስጥ አስገብቼ፣ ራሷን ብቻ አውጥቼ መዘንኳት። የከረጢቱንም ክብደት ቀነስኩ። ሐኪሙ ቁጥሩን ሲሰማ ሳቀና "በሬውን እንዲህ መዝኖ የሚያመጣልኝ አንድ ገበሬ ባገኝ ሹመት አስሰጠው ነበር" አለ።

ከዚያ በኋላ ግን አልቀለደም። በጆሮዎቿ ጫፍ ላይ ለወራት ሲደርቅና ሲያመረቅዝ የኖረው፣ እኔ የብርድ ወይም የጠብ ቁስል መስሎኝ ቅባት ስቀባው የከረምኩት ነገር፣ ካንሰር ነው አለኝ። ነጭ ድመት የጆሮዋ ጸጉር ስስ፣ ቆዳዋም ቀለም የሌለው በመሆኑ፣ በእኛ ደጋ አገር ያለው ፀሐይ ከዓመት ዓመት እያቃጠለ ወደዚህ እንደሚያደርሰው አስረዳኝ። ጆሮዎቿ ከሥራቸው ቢቆረጡ ልትድን ትችላለች። ከዚያ በኋላ ግን ጠዋቱ ከሞቀ ጀምሮ ፀሐይ እስኪያዘቀዝቅ ድረስ ውጭ መዋል የለባትም።

"ብትውልስ?" አልኩት።

"ወደ አፍንጫዋ ይመጣል። ጆሮ ይቆረጣል፤ አፍንጫ አይቆረጥም።"

ፀሐይ የሚለውን ቃል ስሰማ በውስጤ ብልጭ ያለውን ስሜት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ከድንጋጤው ቀድሞ የመጣ፣ ደስታ የሚመስል ነገር ነበር። በእኛ ቤት ፀሐይ የለም። ግቢያችን አባቴ በተከላቸው ጽዶች የተከበበ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ከጭላሎ ተራራ የሚወርደው ብርድ እስከ ረፋድ ድረስ አይለቀንም። ፀሐይ ያለው በጎረቤቴ ደጃፍ ነው። በሱቋ በር ፊት፣ ወደ ምሥራቅ ዞሮ የተሠራ ሰፊ የሲሚንቶ ደረጃ አለ። ድመቴ አራት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት የምትዘረጋው እዚያ ነበር።

ድመቷን ያገኘኋት ከመሥሪያ ቤታችን የእህል መጋዘን ነው። አይጥ እንድታጠፋ መጥታ፣ ከአይጡ ይልቅ የሚዛኑን ትሪ መረጠች፤ እዚያ ላይ ተኝታ አላስነሣ ስላለች ኃላፊያችን "ይቺ ሠርቶ አደር አይደለችም" ብሎ እንድትባረር ሲወስን ወደ ቤት ወሰድኳት። ያን ጊዜ ከእናቴ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ወንድሜ አግብቶ ሁሩታ ገብቷል፤ አባቴ ካረፉ ቆይተዋል። ጎረቤቴ ግን ባል ነበራት፤ ወደ በቆጂና ወደ ጢቾ ገበያ ጨርቅና ጨው ይዞ የሚወጣ ደግ ሰው። ልጆች ነበሯት፤ በሱቋ በር ሁልጊዜ ሰው ነበር፤ ከዚያም ላይ ፀሐይ ነበራት። የእኔ የምላት አንዲት ድመት ነበረች።

ያቺንም ቢሆን ዓመቱን ሙሉ የእኔ ልላት አልችልም ነበር። ጾም አለ። እናቴ የሑዳዴ ዋዜማ ላይ ድስቱን፣ ቢላዋውን፣ መክተፊያውን በአመድ ፈትገው ያጥባሉ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ፋሲካ ድረስ ሥጋ፣ ወተትም ሆነ ዕንቁላል የቤቱን ደፍ አያልፍም። የክርስቲያን ሥጋ ቤቶችም ይዘጋሉ። ድመት ግን አትጾምም። ገና በመጀመሪያው ሳምንት በአጥሩ ሥር ሾልካ ትሻገራለች፤ በዚያው ትቀራለች። ማታ ማታ በአጥሩ በኩል የጎረቤቴን ድምፅ እሰማ ነበር፤ "ኮቱ፣ አዱሬ! ኮቱ!" እያለች፣ ነይ ድመት ብላ በኦሮምኛ ትጠራታለች። በእኔ ቤት ውሮ ስትባል የማትነቃነቀዋ ድመቴ፣ በዚያ ቤት አዱሬ ስትባል ትሮጥ ነበር።

ጎረቤቴ ይህን እንደ ቀልድ ይዛው ነበር። ሱቋ ፊት ሰው በተሰበሰበ ቁጥር "የእሷ ድመት ጾም ሲገባ ትሰልማለች፤ ለፋሲካ ትከዳኛለች" ትል ነበር። ሁሉም ይስቃል። እኔም ከንፈሬን ሸሸት አደርግ ነበር። እውነትም ለፋሲካ በጉ ታርዶ ገና ሳይገፈፍ ድመቷ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ ትላለች፤ ጸጉሯ የጎረቤቴን ቤት ሽታ፣ የቅቤና የቅርንፉድ ሽታ ይዞ። ምንም እንዳልተሰማኝ ሆኜ ጉበቱን እቆርስላት ነበር። ሽታው እስኪጠፋ ድረስ ግን እቅፌ አላስገባትም ነበር።

እናም ሐኪሙ ፀሐይ ነው ባለኝ ቀን ወደ ቤቴ አልገባሁም። በቀጥታ ወደ ጎረቤቴ ደጃፍ ሄድኩ።

"የድመቷ በሽታ ታወቀ" አልኳት። "ካንሰር ነው። ያመጣባትም ፀሐይ ነው። እዚህ ደረጃ ላይ ያለው ፀሐይ።"

ጎረቤቴ ደረጃውን አየች፤ ሰማዩን አየች። "እኔ ምን ላድርግ፣ እቴ? ፀሐይዋን በሌላ በኩል ውጪ ልበላት?" አለች። ወዲያው ግን አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች፤ ዐይኖቿም ሞሉ። "ያ ረቢ! እኔ ነኛ የጨረስኳት! ነይ ብዬ እየጠራሁ!"

ከሰል ሊገዙ የመጡ ሴቶች ዞር ዞር አሉ፤ አንዷ ትከሻዋን አቀፈቻት፤ ሌላዋ "አይዞሽ፣ አላህ ያሽራታል" አለቻት። እኔን ያጽናናኝ ሰው አልነበረም። ለድመቴ በማልቀስ እንኳ ቀደመችኝ።

ጆሮዎቿ ከተቆረጡ በኋላ ድመቷን ወደ ቤት አመጣኋት። የመኝታ ክፍሌን መስኮት በብርድ ልብስ ጋረድኩ። ሐኪሙ ቁስሉ በጨው ውኃ ታጥቦ ጂቪ የሚባለው ሐምራዊ መድኃኒት እንዲቀባ አዞ ነበርና፣ ያቺ በረዶ የመሰለች ድመት ራሷ ሐምራዊ፣ ክብ፣ ጆሮ የለሽ ሆነ። እናቴ ሲያይዋት አማተቡ። "ጉጉት አስመሰላት" አሉ። ነገር ግን ደግ ነበሩ፤ የራሳቸውን የሱፍ ሻል አጥፈው አነጠፉላት። ሳምንቱ የመፃጉዕ ነበር፤ ድውዩ የሚታሰብበት። "በዚህ ሳምንት የታመመ አይሞትም" ብለውም አጽናኑኝ።

ድመቷ ግን አልበላችም። ሽሮውን አሸተተችና ዞረች። ዳቦ በዘይት ነክሬ ሰጠኋት፤ ድንች ቀቅዬ በእጄ አድቅቄ አቀረብኩ። ውኃ ብቻ ትጠጣለች። ሐኪሙ ደም ፈሷታልና ሥጋ ያስፈልጋታል ብሎ ነበር። በማግስቱ ማታ እናቴ ፊት ቆምኩ።

"እማዬ፣ ሥጋ ካላገኘች አትተርፍም።"

"ከየት ይመጣል? ሥጋ ቤቱ እንደሆነ እስከ ፋሲካ ዝግ ነው።"

"የጎረቤታችን..."

"የእስላም ሥጋ?" አሉ እናቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እዚህ ቤት? በሑዳዴ? ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ የላክንሽ ለዚህ ነው?"

በእናቴና በጎረቤቴ መካከል ጠብ አልነበረም። አንዳቸው ሲያማቸው ሌላዋ ሳትጠይቅ አታድርም፤ ቀበሌው ስኳር ሲያድል እንኳ ጎረቤቴ የእናቴን ድርሻ በሰልፍ ቆማ ታመጣላቸው ነበር። ሥጋ ግን ሥጋ ነው። በአርሲ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ የክርስቲያኑን እስላሙ አይበላም፣ የእስላሙን ክርስቲያኑ አይበላም፤ በዚህ ምክንያት የተጣላም ጎረቤት የለም። እኔም ከእናቴ ጋር የምከራከር ሰው አልነበርኩም።

ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል ጠራችኝ። "ዐርፈሽ ስጪኝ። የዕቃ ክፍሌ መስኮት የለውም፤ ጨለማ ነው። እስከ ፋሲካ እኔ ጋ ትሁን።"

"እናስብበታለን" አልኳት።

"ማሰቡ ለአንቺ፣ ረሃቡ ለእሷ" አለችና ገባች።

ዓርብ ጠዋት ድመቷን በቅርጫት አድርጌ አሻገርኳት። ድመቷ የጎረቤቴን ቤት ሽታ እንዳገኘች ራሷን አነሣች። የተከተፈ ጉበት ቀረበላት፤ ሐምራዊ ራሷን ደፍታ፣ እየተስገበገበች በላች። መዳኗ ስለሆነ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደስም ብሎኛል። ግን አጥንቴ ውስጥ የገባው ሌላ ነበር፤ የምትበላው ከማን እጅ እንደሆነ ማየቱ።

ከዚያ ወዲያ በየቀኑ ለምሳ ስወጣና ማታ ከሥራ ስመለስ ቁስሏን ላጥብ እሄድ ነበር። የእኔ እጅ የጨው ውኃ ነው፤ የጎረቤቴ እጅ ጉበት ነው። ድመት ደግሞ የሐኪምን ትእዛዝ አታውቅም። ሳምንት ሳይሞላ የእግሬን ኮቴ ስትሰማ ከጨው ከረጢቶቹ ኋላ መግባት ጀመረች። ጎረቤቴ ይህን ባየች ቁጥር ትስቅ ነበር።

"ሽሺ፣ አዱሬ! ዶክተሯ መጣች!"

ከዚያም ጎንበስ ብላ፣ ከከረጢቶቹ መካከል አውጥታ፣ እንድቀባት እቅፏ ላይ ትይዝልኛለች። እኔ ቀባሁ፤ እሷ ያዘች። ድመቷም ፊቷን በጎረቤቴ ክንድ ውስጥ ቀብራ፣ በመዳፎቿ የቀሚሷን ጨርቅ ታሽ ነበር፤ ለእኔ በማታ ብቻ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ታደርገው እንደነበረው።

አንድ ቀን ወደ ቢሮ ስመለስ አንድ ሐሳብ መጣልኝ፤ የሚያኮራ ሐሳብም መሰለኝ። ዓሣ! ዓሣ አራጅ የለውም። በማን ስም ተባረከ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የክርስቲያንም የእስላምም አይደለም። በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ካህናቱም አልጨረሱትም። ድመት ደግሞ ዓሣ ትወዳለች፤ ይህን በመጽሐፍ አንብቤዋለሁ። በሁለተኛው ቅዳሜ ከመሥሪያ ቤቴ የይለፍ ወረቀት አጽፌ በጭነት መኪና ወደ ዝዋይ ወረድኩ። ሦስት ትልልቅ ዓሣ ገዝቼ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ስመለስ ኬላ ላይ ጥበቃው ጆንያውን አስፈታኝ።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ዓሣ ነው።"

"ለንግድ?"

"ለድመት።"

ዓሣውን አየ፤ ቀጥሎ እኔን ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። "ባልሽ ምን አለ?"

"ባል የለኝም።"

"ገባኝ" አለና አሳለፈኝ። የጭነት መኪናው ሰዎች እስከ አሰላ ድረስ ሳቁ።

እናቴ ዓሣውን ሲያዩ ወደ ኋላ ሸሹ። "ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት እባብ ነው?" አሉ። ቤት እንዳላስገባው ከለከሉኝ። በግቢያችን ጥግ፣ ከጎረቤታችን አጥር ጋር የተጠጋ፣ ጭስ ያጠቆረው አሮጌ ማድ ቤት ነበር፤ አዲሱ ከተሠራ ወዲህ እንጨት እንኳ የማናስቀምጥበት። "እዚያ ቀቅዪው፤ እሱ ቤት አይደለም" አሉ። ቀቀልኩት። አጥንቱን አንድ በአንድ ለቀምኩ። ፀሐይ ከገባች በኋላ ድመቷን ከጎረቤቴ ተቀብዬ፣ በድል አድራጊ ልብ ሳህኑ ፊት አስቀመጥኳት።

አሸተተች። እግሯን እርጥብ ነገር እንደነካው ሁሉ አራገፈች። ከዚያም በሳህኑ ዙሪያ መሬቱን በመዳፏ ወዲያና ወዲህ ትጭር ጀመር፤ ድመት ኩሷን እንደምትቀብረው አድርጋ። ቀብራ ስትጨርስ በአጥሩ ሥር ሾልካ ሄደች።

ከአጥሩ ማዶ ጎረቤቴ ሁሉን ታይ ኖሯል። ከሳቋ ብዛት መቆም አቅቷት ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። "እቴ፣ ቀበረችልሽኮ! ከነነፍሱ ቀበረችልሽ!" እያለች። ሳቋን ብጠላውም ተጋባብኝና እኔም ልስቅ ነበር። ነገር ግን ድመቷ ከእግሯ ሥር ተጠምጥማ አየኋትና ተውኩት።

እንዲህ እያለ ቁስሉ ዳነ። የተቆረጠው ቦታ ሮዝ ቀለም ያዘ፤ ሐኪሙም "አሁን ሰው ልትመስል ነው" አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ሰኞ ለምሳ ወጥቼ ልቀባት ስይዛት፣ ጸጉሯ ሞቆ ነበር። በጨለማ የዕቃ ክፍል የዋለ ጸጉር እንዲህ አይሞቅም። አፍንጫዋን ወደ መብራት አዞርኩት። በጫፉ ላይ የምስር ክክ የምታህል፣ የቀላች፣ የደረቀች ነጥብ ነበረች።

በቅርጫት አድርጌ ወደ ሐኪሙ ወሰድኳት። ረጅም ጊዜ አየው። "ገና ካንሰር አይደለም" አለ። "ፀሐይ ልጦታል። ጥላ ካገኘ ይጠፋል፤ ፀሐይ ካገኘ ግን መንገዱን ጀምሯል። ያን ጊዜ እኔ ጋ አታምጫት፤ የማደርገው የለም።"

ጎረቤቴ ደጃፍ ስደርስ አመሻሽ ነበር። የባሏ እናት፣ ዐይናቸው የደከመ አሮጊት፣ ቡሉኳቸውን ተጠቅልለው በቀዘቀዘው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ቡሉኳቸው ላይ ነጭ ጸጉር አየሁ። ያን ጊዜ ሁሉ ገባኝ፤ የሱቁ በር ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው፤ ድመቷ እየሾለከች ወጥታ ከአሮጊቷ ጋር ፀሐይ ስትሞቅ ትውላለች።

"እርስዎ ቃል ገብተውልኝ ነበር" አልኳት ጎረቤቴን።

"አንቱታው መጣ። ተቆጥተሻል ማለት ነው።"

"ሊገድሏት ነው። አፍንጫዋን አይተውታል? ትጠበቅ ብዬ ነው የሰጠሁት። በሩን መዝጋት እንዴት ያቅታል?"

"ሱቅ ነዋ! በሩን ዘግቼ ለማን ልሽጥ?" ጎረቤቴ ከባንኮኒው ኋላ ወጣች። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም ነበር። "አንቺ ጋ በረሃብ ልትሞት ነበር። እኔ ጋ በፀሐይ ትሞታለች። እስቲ ንገሪኝ፣ የት ብትሞት ነው ደስ የሚልሽ?"

መልሱ አፌ ላይ ነበር። እኔ ጋ። እንዲህ ፈጥኖ መምጣቱ አስደነገጠኝ። መልሱን ዋጥኩና ቅርጫቱን አንሥቼ ወደ ቤቴ ገባሁ።

በዚያ ምሽት ድመቷ ምንም አልቀመሰችም፤ በር በሩን እያየች ተቀመጠች። ጭኔ ላይ ላስቀምጣት ስሞክር ወረደች። እናቴ በአጥሩ በኩል የተባለውን ሁሉ ሰምተው ነበር፤ ጸሎታቸውን አድርሰው ተኙ።

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቴን ከአጥሩ ማዶ ቆማ አገኘኋት። በእጇ የተከደነ ሳህን ይዛለች። ልትሻገርም ልትመለስም አልቻለችም። እናቴ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡ።

"ግቢ እንጂ" አሏት።

"ሥጋ ይዣለሁ፣ እማማ።"

"አይቻለሁ። ዙሪና በበሩ ግቢ።"

ገባች። እናቴ ወደ አሮጌው ማድ ቤት ሄደው በሩን በመቋሚያቸው ገፉት። የዓሣው ሽታ እስካሁን ነበረበት። ወደ እኔ ዞሩ።

"ወንድምሽ ሲያገባ ለእስላም እንግዶቻችን ምን አደረግን?"

የሚጠይቁኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም። "ዳስ ለብቻ ተጣለ" አልኩ።

"ድስቱስ?"

"ለብቻ ነበር። ከእነሱ ቤት ነው የመጣው።"

"ማን አረደ?"

"የእኔ ባል" አለች ጎረቤቴ።

"እንግዲያማ!" አሉ እናቴ። "አንቺስ ይህን ሁሉ ዓመት ድመቷ በጾም ትሰልማለች እያልሽ ስታሾፊብን አልነበር? ለእስላም እንግዳ ዳሱ ለብቻ ነው። ይኸው ዳሷ። መስኮት የለውም፣ ፀሐይ አያይም፣ ቤቴም አይደለም። ሳህኑም ቢላዋውም ከአንቺ ይምጣ፣ ወደ አንቺ ይመለስ። ለፋሲካ ደግሞ ወደ ሃይማኖቷ ትመለሳለች።"

ጎረቤቴ ሳህኑን ልትጥል እስክትደርስ ሳቀች። ከዚያ ግን ሁለታችንም በአንድ ጊዜ የበሩን ቁልፍ አየን፤ በምስማር ላይ የተንጠለጠለ፣ የዛገ ቁልፍ።

"እኔ ልያዘው" አለች። "ቀን ቤት የምውለው እኔ ነኝ።"

"ቁልፉ እኔ ጋ ይሆናል" አልኩ። በሕይወቴ እንዲህ ፈጥኜ የተናገርኩበትን ጊዜ አላስታውስም።

"ቀን ስትርባትስ?"

የማድ ቤቱ የኋላ ግድግዳ አጥሩ ላይ ያረፈ ነው፤ ከሥሩ ጭቃው ተፈርፍሮ ነበር። "በዚህ በኩል ቀዳዳ ይበጅ" አልኩ። "ሳህኑን ከማዶ ያስገቡላታል፤ ሲጨርሱ በድንጋይ ይዘጉታል።"

"አሁንም አንቱ ነኝ?"

"ታስገቢያለሽ" አልኩ። "ትዘጊዋለሽ።"

ማስመሪያዬን ከክፍሌ አመጣሁ። ቀዳዳው ወርዱ የሳህኑን ያህል፣ ከፍታው ግን ሳህኑን ብቻ የሚያሳልፍ እንዲሆን በከሰል ምልክት አደረግሁ። ጎረቤቴ ጎንበስ ብላ ምልክቱን አየች፤ ከዚያም የራሷን እጅ፣ ያንን ወፍራም፣ ጉበት የሚከትፍ እጇን፣ ከከሰሉ መስመር ጋር አስተያየች። አይገባም ነበር።

"የፈራሽው ድመቷ እንዳትወጣ ነው" አለችኝ፣ "ወይስ እጄ እንዳይገባ?"

"ብርሃኑን ነው" አልኩ።

እናቴ ወደ ሌላ በኩል አዩ። ጎረቤቴም ከዚያ በላይ አልጠየቀችም። በዚያ ጠዋት፣ እኔ ወደ ሥራዬ ከመሄዴ በፊት፣ ድመቷ እስከ ፋሲካ ድረስ በአሮጌው ማድ ቤት እንድትቀመጥ፣ ማብላቱ የጎረቤቴ፣ ማከሙ የእኔ እንዲሆን፣ ድንጋዩ በማዶ በኩል፣ ቁልፉ በእኔ አንገት እንዲውል፣ ቀዳዳውም እኔ ከለካሁት እንዳይሰፋ ተወሰነ።